ዝንጉርጉሮቹ

«ለቅሶ ደራሹ የሚቀመጥበት ቦታ እንዲያገኝ ብዬ ነው» አለች ኤልሳቤት፣ አፈር ብቻ የቀራቸውን ቆርቆሮዎች ድንኳኑ ጥግ እየደረደረች። «ጤና አዳሙንና በሶብላውን አልነካሁም። እነዚያ ቅጠላቸው የነጣውን ግን በሽታ ስለያዛቸው ከነሥራቸው ነቅዬ ጣልኳቸው።»

ውባንቺ ዝም አለች። ባሏ በፍቃዱ የተቀበረው ትናንት ነው። በቅርቡ ሰፈሩ የገባችው ጎረቤቷ ኤልሳቤት ከቀብር ጀምሮ አልተለየቻትም፤ ስታበስል፣ ስታለቅስ፣ ሰው ስትቀበል ነው ውላ ያደረችው። ምን ትበላት?

በፍቃዱ ሸማ ተራ ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን መጋረጃ ሊያደርስ የሄደበት ቪላ ውስጥ፣ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የቆመ፣ እኩሌታው ነጭ እኩሌታው አረንጓዴ የሆነ ተክል አየ። አትክልተኛው «አይሪስ ይባላል» ብሎ ከሥሩ ቆርሶ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ዝንጉርጉር አይሪስ አለ በተባለበት ሁሉ እየሄደ፣ እየለመነ፣ በዘይት ቆርቆሮ ሲተክል ኖረ። አበባው ግድ አልነበረውም፤ ቅጠሉን ነበር የሚወደው።

«ነጩ ለራሱ ምግብ መሥራት አይችልም» ይላት ነበር። «በአረንጓዴው ጉልበት ነው የሚኖረው።»

ውባንቺ ትስቅበት ነበር። አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ግን ውሃ የምታጠጣው እሷ ሆነች፤ ያኔ አንድ በአንድ ለየቻቸው። «ቢጫውስ?» ይላታል በደከመ ድምፅ። «አዲስ ቅጠል አውጥቷል» ትለዋለች። ሌላ የሚያወሩት ነገር አልቆባቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዱባይ ተራ ጫማ የሚያስመጣው ሙህዲን መጣ። ያንን ቢጫ ሸንተረር ያለውን ከውጭ አገር በካልሲ ጠቅልሎ ያመጣው እሱ ነው።

«አላህ ያጽናዎት፣ እትዬ ውባንቺ።» ተቀምጦ ግቢውን በዓይኑ ዞረ። «ዝንጉርጉሮቹን የት ወሰዷቸው?»

ውባንቺ አቀረቀረች። ዳቦ የምታድለው ኤልሳቤት ቆም አለች።

«የትኞቹን?»

«ጋሼ በፍቃዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰበሰቧቸውን ነዋ! ነጭና ቢጫ ያለባቸውን። ቢጫውን እንኳ እኔ ነኝ ያመጣሁላቸው።»

ኤልሳቤት ትሪውን አስቀምጣ ወደ ውጭ ሮጠች። ቆሻሻውን መኪናው ጠዋት ወስዶታል። ተመልሳ መጣችና ቆርቆሮዎቹን እየዘረገፈች፣ የተረፈ ሥር ካለ ብላ አፈሩን በጣቷ ትቆፍር ጀመር።

«ሌላ ያመጡልናል አይደል፣ ጋሼ ሙህዲን?»

«የሰጡኝ ሽማግሌ ሞተዋል» አለ ሙህዲን በዝግታ። «ልጆቻቸውም ግቢውን ሸጠውታል።»

የመጨረሻው ቆርቆሮም አፈር ብቻ ነበር።

«እትዬ፣ ምነው ጠዋት ስነግርዎት ዝም አሉኝ?»

ውባንቺ ከፍራሹ ተነስታ አጠገቧ ተንበረከከች። የኤልሳቤትን እጅ ወደ ራሷ ሳበችና፣ ጥፍሮቿ ሥር የገባውን አፈር በነጠላዋ ጫፍ፣ ጣት በጣት፣ ትጠርግላት ጀመር።