የአቶ ይግዛው ቃል

«ቅጣው! ቆይ እስቲ፣ አንተ ልጅ፤ ወዴት ነው?»

የሕግ አማካሪው የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀጥ አለ። የኮሚቴው አባላት ቀድመውት ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብተዋል። ወይዘሮ እናትነሽ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያዩታል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚሁ ሰቆጣ ዳኛ ነበሩ። ቅጣው ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ሥራ የለመደው በእሳቸው ችሎት ነው፤ ዛሬም ስሙን ሲጠሩት አንገቱን ይሰብራል።

«ኮሚቴው ምክር ጠይቆኝ ነው፣ እትዬ።»

«ይጠይቅህ። ግን ውስጥ የምትመክራቸውን እኛ አንሰማም። ብትሳሳትስ ማን ያርምሃል? ሐኪሙም ከሳሹም ያልሰሙት ነገር እዚያው ተመክሮ እዚያው ሊወሰን ነው?»

ሰብሳቢው ከውስጥ ብቅ አለ። «ወይዘሮ እናትነሽ፣ ይኼ የሐኪሞች የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም። እሱ ይመክራል፣ የምንወስነው እኛ ነን። እርስዎም የተፈቀደልዎ ከዶክተሩ ጎን ሆነው እንዲያግዙት ብቻ ነው።»

«እያገዝኩት እኮ ነው» አሉና ተቀመጡ። «ያልኩት ግን ይመዝገብልኝ።»

በሩ ተዘጋ። ቅጣው ግን ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አይቷቸዋል።

ዶክተር ወንዳወቅ ከጎናቸው ሆኖ ሳቁን ለመደበቅ መሬት መሬቱን ያያል። «እትዬ፣ ያስወጡዎታል እኮ።»

«ያስወጡኝ። ደጅ ሆኜ እጮህልሃለሁ።»

ወንዳወቅ የማህፀንና የጽንስ ሐኪም ሆኖ ወደዚህ ሲመደብ፣ ለጊዜው ብሎ ነበር ከግቢያቸው አንዲት ክፍል የተከራየው። የወይዘሮ እናትነሽ ልጆች አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዐረብ አገር ናቸው። ወንዳወቅ ከሥራ ሲመለስ ራት ተከድኖ ይጠብቀው ጀመር፤ እሱም የደም ግፊታቸውን እየለካ በጨው ይጣላቸዋል። ኪራይ ጨምሩ ብለው ጎረቤት ሲመክሯቸው «ልጄን?» ብለው ተቆጡ። አሁን ክሱ እስኪያልቅ ከሥራ ታግዶ ወራት አልፈዋል። ነፍሰ ጡር ሴቶች ግን ዛሬም የግቢውን በር እያንኳኩ «ዶክተር አሉ?» ይላሉ። እሱ አጥሩን ሲያጥር፣ ጓሮ ሲኮተኩት ይውላል። ያጠረውን አጥር መልሶ ሲፈታ ያዩት ጊዜ ነው ወይዘሮ እናትነሽ የቀድሞ የችሎት ልብሳቸውን ተኩሰው «አብሬህ እገባለሁ» ያሉት።

ከሳሹ ይግዛው የደሃና ወረዳ ገበሬ ነው። ሚስቱ ደብሬ ሴት ልጅ ተገላግላ ሳለ ደሟ አልቆም አለ። መድኃኒቱም ሌላውም ዘዴ አልሠራ ሲል ወንዳወቅ ሕይወቷን ለማትረፍ ማህፀኗን አወጣው። ደብሬም ልጅቷም ዳኑ። ይግዛው ነገሩን ሰማሁ የሚለው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከሌላ ጤና ጣቢያ ነው። «ሳልገባ በፊት ለባሏ ነግሬዋለሁ፤ ራሱን ነቅንቆ እሺ ብሎኛል» የሚል ነው የሐኪሙ መከላከያ። ፍርድ ቤት ደጅ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ለይግዛው የጻፈለት አቤቱታ ደግሞ «ያለ ፈቃዴና ያለ ዕውቀቴ» ይላል። ኮሚቴው ይህንን ካመነ የሙያ ፈቃዱ ይሰረዛል።

እና ቅድም፣ አባላቱ ከመነሣታቸው በፊት፣ ሰብሳቢው ይግዛውን አስነሥቶ ጠይቆት ነበር። «ዶክተሩ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለባለቤቷ አስረድቻለሁ የሚል ክርክር አቅርበዋል። ይህንን ይቀበላሉ ወይስ ይቃወማሉ?»

ይግዛው ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ፣ እጆቹን አጣምሮ ቆመ። ሰብሳቢውን በአክብሮት አየና ራሱን ነቀነቀ። ጸሐፊዋ «አምኗል» ብላ ጻፈች። ወይዘሮ እናትነሽ ደስታቸውን ለመሸሸግ መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውሉ ጀመር። በቃ፤ አለቀ ማለት ነው።

አሁን አዳራሹ ውስጥ የቀሩት እነሱና ከኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ባልና ሚስት ብቻ ናቸው። ልጅቷ በወንበሮቹ መካከል ትሯሯጣለች።

«ፈረዱ እንዴ?» አለ ይግዛው፣ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና።

«እኔ ምን አውቄ!» አለችው ደብሬ። «አንተ አይደለህ ቆመህ ስትግባባ የነበርከው።»

«የት ተግባባሁ! የእኔ አማርኛ የገበያ ነው። ትልቅ ሰው ጠይቆኝ ዝም ብል ነውር ይሆናል ብዬ ነቀነቅኩ።»

«ምን እንዳለህ ሳታውቅ?»

«ስሜን ደግሞ የጠየቀኝ መሰለኝ።» ልጅቷን በዓይኑ ተከተለ። «የጸበሉን ነገር ሳልነግራቸው ቀረሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ልጅ ያልደገምነው ከአንቺ ነው እያልኩ በየጸበሉ አንከራተትኩሽ። በዚያ ብርድ ስትንዘፈዘፊ ቆሜ አየሁሽ። ነግረውኝ ቢሆን አንድ ቀን አላስነሣሽም ነበር። የመጣሁት እሱን ልል ነው፤ ሌላ ምን አለኝ።»

ደብሬ ከትከሻው ወርዶ የተንጠለጠለውን ጋቢ አነሣችና መልሳ አለበሰችው።

ወይዘሮ እናትነሽ አልዞሩም። እናታቸው እሹሩሩ ያሏቸው በኽምጣና ነው፤ አንድ ቃል አላመለጣቸውም። ኮሚቴው ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ወንዳወቅም ከ«እንዴት አደርሽ» ሌላ አያውቅም። ያልሰማሁ ልሁን? አሉ በሆዳቸው። ያ በር ይከፈታል፣ «ክሱ ተዘግቷል» ይባላል፣ ልጄም ወደ ሥራው ይመለሳል። ማን ይጠይቀኛል? በጎናቸው የወንዳወቅ እጆች ጉልበቱ ላይ ተቀምጠዋል፤ በአጥር እንጨት የተላላጡ የሐኪም እጆች። ባያዩአቸው ይሻል ነበር።

«ወንዴ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰውየው ጥያቄው አልገባውም።»

«የቱ ጥያቄ?»

የሰሙትን፣ የጸበሉንም ጭምር፣ ነገሩት። «ዝም ካልን ዛሬ ያልቃል። ከተናገርን ቀጠሮ ነው፤ እገዳህ ይቀጥላል፤ ኋላ ምን እንደሚወስኑም አላውቅም። ነገሩ ያንተ ነው፤ እንዲህ አድርግ አልልህም።»

ወንዳወቅ ፊቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገ። «ያን ቀንም እንዲሁ ነው የነቀነቀልኝ፣ እትዬ። ልክ እንደ ዛሬው። ደሟ እየፈሰሰ ነበር፤ ተናገርኩ፣ ነቀነቀ፣ ሮጥኩ።»

«ለዚያስ ማንም አይፈርድብህም። ከዳነች በኋላስ?»

«የነገርኩት መስሎኝ...» አለና አልጨረሰውም።

በሩ ተከፈተ። አባላቱ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ሰብሳቢው ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠርግ ቅጣው ተነሣ።

«ይቅርታ፣ ክቡር ሰብሳቢ። ውስጥ የሰጠሁትን ምክር ሁለቱም ወገኖች ሊሰሙት ይገባል። ከሳሹ በራሳቸው ቃል ስላመኑ ክሱን መዝጋት ይቻላል ብዬ ነው የመከርኩት። በዚህ ላይ የሚባል ነገር ካለ ከውሳኔው በፊት ይባል።» ይህን ሲል ወደ ወይዘሮ እናትነሽ አላየም፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

ሰብሳቢው ተነፈሰ። «እሺ። ዶክተር፣ የሚሉት አለ?»

ወንዳወቅ ተነሣ። «አላመኑም» አለ። «ጥያቄው አልገባቸውም። አማርኛ አይገባቸውም ማለቴ ነው፤ እንዲህ ያለው። አስተርጓሚ ያስፈልጋቸዋል።»

ሰብሳቢው መጀመሪያ ሐኪሙን፣ ቀጥሎ ይግዛውን አየ። ይግዛው የታየ ሲመስለው ብድግ ብሎ ጋቢውን አወረደ።

«ታዲያ ምን ችግር አለ!» አለ ሰብሳቢው፣ ፊቱ ፈካ ብሎ። «ወይዘሮ እናትነሽ የአገሬው ሰው ናቸው። ይተርጉሙልንና ዛሬውኑ እንገላገል። መኪናችንም ቆሟል።»

ዛሬውኑ መገላገል ወይዘሮ እናትነሽ ከሁሉም በላይ የሚፈልጉት ነገር ነበር።

«አይሆንም» አሉ። «እኔ የዚህ ልጅ ወገን ነኝ። ከባዷን ቃል ሳላስበው አለዝብለታለሁ። ለአቶ ይግዛው ከማንም ወገን ያልሆነ ሰው ፈልጉላቸው።»

ቀጠሮ ተሰጠ። ቀጠሮውን እንኳ ይንገሯቸው ሲባሉ፣ ወይዘሮ እናትነሽ ዞረው በጠራ ኽምጣና ነገሯቸው። ይግዛው ደነገጠ። «እርስዎ... ቅድም ስናወራ ሁሉ ይሰሙ ነበር?» ደብሬ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ከት ብላ ሳቀች።

በቀጠሮው ቀን ከአንድ ትምህርት ቤት የኽምጣና መምህርት መጣች። ይግዛው ይህን ያህል የሚናገር ሰው መሆኑን ማንም አልጠበቀም። ስለ ጸበሉ ተናገረ፤ መምህርቷም ቃል በቃል ተረጎመችለት። ወንዳወቅ አልተከራከረም። በጥድፊያው ሰዓት የቻልኩትን አድርጌያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ጊዜ ነበረኝ፣ አስተርጓሚ ፈልጌ መንገር ነበረብኝ አለ። ኮሚቴው ሕክምናው ትክክል ነበር፣ ሳያስረዳ ማሰናበቱ ግን ጥፋት ነው ብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠው፤ እገዳውም ተነሣ።

«ይግባኝ የማለት መብት አለዎት» አለ ቅጣው።

የወይዘሮ እናትነሽ ጭንቅላት ውስጥ የይግባኙ ምክንያት ከነአንቀጹ ተደርድሮ ነበር። ገና «ወንዴ» ከማለታቸው እጁን ክንዳቸው ላይ አሳረፈ።

«አልልም፣ እትዬ።» ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞረ። «አንድ ነገር ግን እለምናለሁ። መምህርቷ ጥቂት ይቆዩልኝ። እስካሁን የተከራከርነው ለባልየው ተነገረ አልተነገረ እያልን ነው። ለራሳቸው ለወይዘሮ ደብሬ ግን ማናችንም ነግረናቸው አናውቅም።»

መምህርቷ ተረጎመችው። ደብሬ ቀና አለች። ማን እንደጠራት ለማወቅ ዙሪያዋን አየች፤ ዛሬ ስሟ ሲጠራ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

ወይዘሮ እናትነሽ ከሐኪሙ ጎን ካለው ወንበራቸው ተነሡ። «ነይ፣ ልጄ፤ እዚህ ቁጭ በይ» አሏት በኽምጣና። ትንሿን ልጅ ከእጇ ተቀበሉና ወደ ኋላ ሄደው፣ ከይግዛው ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።