መውሊድ ማለት ልደት ነው

በግብጿ ጣንታ ከተማ አውቶቡስ ሲጨናነቅ «መውሊድ ሆነ» ይባላል፤ የዳቦ ሰልፍ ሲተራመስም «ምን ያለ መውሊድ ነው» ይባላል። ኡስታዝ ሸውቂ ይኼን ሲሰሙ አንጀታቸው ያራል። ጡረታ የወጡ የአረብኛ አስተማሪ ናቸው፤ ዛሬ ዛሬ ቁርስ መብላታቸውን እንኳ ይረሳሉ፣ የቃል ነገር ግን አይረሱም።

በከተማዋ በተቀበሩት ታላቅ ሼህ፣ በሰይድ አልበደዊ መውሊድ ዕለት የሽምብራ ቆሎ ሻጩን ረጀብን ያዙት።

«ስማኝ ልጄ፣ መውሊድ ማለት ልደት ነው። የሼሁን ልደት ሊያከብር ሕዝቡ ከየገጠሩ ጎረፈ። እናንተ ደግሞ ባለልደቱን ረስታችሁ ግፊያውን መውሊድ አላችሁት።»

«ልደትም ይሁን ግፊያ አባባ፣ ለእኔ ገበያ ነው» አለ ረጀብ።

ልጃቸው ነጅላ ሰልችቷታል። ከጠዋት ጀምሮ ይኼንኑ ለስንቱ አስረድተዋል! «በቃ አባዬ፣ ሰው ሳቀብን» ብላ እጃቸውን ለቀቀችና ቆሎውን ልትቀበል ዞረች። ወዲያው የሱፊዎች ሰልፍ ከበሮ እየደለቀ በመሃላቸው አለፈ። ዞር ስትል አባቷ የሉም።

ይብላኝ ለነጅላ። ሰውየው የቤታቸውን መንገድ አያውቁ፣ መድኃኒታቸው እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው።

«ምን ትጠብቂያለሽ? አስጠሪ እንጂ» አላት ረጀብ። በመውሊድ ልጅ ከጠፋ አንዱ ድምፀ ጎርናና በሕዝቡ መሃል እየዞረ ይጣራል፤ ደንቡ ነው።

«ሰማንያ ሊሞላቸው እኮ ነው! እንደ ሕፃን ላስለፍፍባቸው? ግማሹ ከተማ ተማሪያቸው ነው።»

«እንግዲያው ክብራቸውን ይዘሽ ግቢያ።»

ምግብ በነፃ የሚታደልባቸውን ድንኳኖች ሁሉ አሰሰች። የሉም። በራሷ አፈረች። በመጨረሻ ራሷ ልትጣራ አፏን ስትከፍት ከማዶ የሌላ ሰው ጥሪ ሰማች።

«የጠፋች ልጅ፣ እናንተ የደግ ሰው ልጆች! ነጅላ ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች!»

ጠሪው አንድ ወጠምሻ ነው፤ በአንድ እጁ አባቷን ይዟል። ኡስታዝ ሸውቂ ጎንበስ ብለው በሰው እግር መሃል ይፈልጋሉ።

ነጅላ ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ሕዝቡን ገፍታ ፊታቸው ቆመች። አላወቋትም።

«የኔ እመቤት፣ አንዲት ልጅ አላየሽም? ወሬ ይዤ እጇን ለቀቅኩባት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አየኋት አባዬ፤ ደህና ናት» አለችና እጃቸውን ጨብጣ ያዘች። እንባዋን መመለስ አልቻለችም።

«ታዲያ ልጅቷ የታለች?» አለ ጠሪው ግራ ገብቶት።

ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ያያታል።

«እኔ ነኝ» አለችው። «ተገኝታለች በልልን።»