ፊቱን ወደ ባሕር

«ከጉልበቱ በላይ ውሃ ገብቶ የማያውቅ ሰው እንዴት ብሎ ነው የሚሰምጠው? እስቲ አንተ አስረዳኝ።»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለ ጅብሪል። «ዳሱ ሰው ሞልቶበታል።»

«ይሙላበት። እኔ አልጠራኋቸው።»

«ለጢፋ፣ አላህን ፍሪ።»

«እሱን ስለምፈራ ነው እንጂ። ላልሞተ ሰው ዒዳ አልቀመጥም። ወርቄንም አላወልቅም።»

የቆሙት ጅብሪል የስፌት መኪናውን በሚያስቀምጥባት ጓዳ ውስጥ ነበር። ጅብሪል የባሏ የጀማለዲን ታላቅ ወንድም ነው፤ ጅማ፣ ሒርማታ ገበያ አጠገብ ልብስ ይሰፋል። ከግድግዳው ወዲያ፣ ሾፌሮች ባመጡት የመኪና ሸራ በተሠራው ዳስ ውስጥ፣ ወንዶቹ ቁርኣን ይቀራሉ። ከሴቶቹ ክፍል የወንድማማቾቹ እናት የእማ ዙቤይዳ ለቅሶ ይሰማል።

ወሬው የደረሰው በዋዜማው ነው። ከጀማለዲን ጋር እየተፈራረቀ አንድ መኪና የሚነዳው ወልደሰማያት ፊያቱን ከነተሳቢው በር ላይ አቁሞ ወረደ፤ አንድ ሸሚዝና አንድ የእጅ ሰዓት ለጅብሪል ሰጠው። አሰብ ወደብ ቡናቸውን አራግፈው ሲያበቁ ጀማለዲን ሊታጠብ ወደ ባሕር ዳርቻው ወረደ፤ ልብሱ አሸዋው ላይ ተገኘ፣ እሱ ግን አልተገኘም፤ ያለው ይኼን ብቻ ነው። ሌሊቱን ዳስ ተጣለ። ጠዋት ወንዶቹ ሬሳ በሌለበት ሰገዱበት። የቀረው ሚስቲቱ ዒዳ መቀመጧ ነበር። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አትወጣም፣ ወርቅ አታደርግም፣ ኩል አትኳልም። ለጢፋ ከተቀመጠች ሞቷል ብላለች ማለት ነው።

«ወልደሰማያት ሲያወራ ዓይኔን አላየኝም» አለች።

«የሰው ሚስት ዓይን ምን ሊያደርግለት ያየዋል?»

«ቀልድ። ወንድምህ ሞቷል እያልክ ትቀልዳለህ። እኔ ጓድ ዋቅጅራ ጋ ሄጄ የይለፍ ወረቀት እጠይቃለሁ። አሰብ ወርጄ በዓይኔ አያለሁ።»

ዋቅጅራ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ስሙ ሲነሳ የጅብሪል ፊት ተለወጠ። ሄዶ በሩን ገፋ አደረገው፤ ሲመለስ ከንፈሩ ጆሮዋ ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ተሻግሯል።»

«ምን?»

«ሞካ፣ ከባሕሩ ማዶ። በጀልባ። አሁን ዝም ብለሽ ስሚኝ። ወደ ሰሜን ለሠራዊቱ ስንቅና ጥይት እንዲያመላልሱ የሚላኩት ሾፌሮች ዝርዝር ውስጥ ስሙ ገብቶ ነበር። ባለፈው ዓመት ከሄዱት የተመለሰ አለ? ጀልባውን በሰው በሰው ያፈላለግኩለት እኔ ነኝ። ልብሱን አሸዋው ላይ ትቶ እንዲሄድ፣ ወልደሰማያትም ሰመጠ ብሎ እንዲያወራ፣ ሦስታችን ነን የተማከርነው። ከድቶ ጠፋ ከተባለ እኔም እማም አንተርፍም። ሞተ ከተባለ ግን ማን ይጠይቀናል? የሞተ ሰው ሚስት ደግሞ ዒዳ ትቀመጣለች እንጂ አሰብ ልሂድ አትልም።»

ለጢፋ የስፌት መኪናው ላይ ተደገፈች።

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ብነግራት አትለቀኝም አለ።»

እውነት ነው፣ አትለቀውም ነበር።

«እማስ?»

«አታውቅም። ብታውቅ እንደዚያ ማልቀስ አትችልበትም።»

ይህን ሲል መሬት መሬት ያይ ነበር። ለጢፋ የጆሮዋን ወርቅ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን አወለቀች፤ መዳፉ ላይ አስቀምጣለት ወደ ሴቶቹ ክፍል ሄደች። ስትገባ ሴቶቹ ለቅሶውን አዲስ አደረጉት።

•

በሁለተኛው ቀን ከሰርቦ ዘመዶች መጡ፤ ጀማለዲን የተወለደው እዚያ ነው። አክስቱ ባህሪያ በቅቤ የታሸ የቡና ፍሬ በሳህን ይዛ በሴቶቹ መሃል አዞረች።

«ውሃ የወሰደው ሸሂድ ነው» አለች። «ጀነት ነው ቤቱ። አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።»

«አሚን» አለች ለጢፋ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ የጣለችው ፈገግታዋ እንዳይታይባት ነበር። ውስጧ የገባው ደስታ ያስፈራት ጀመር። ሴቶቹ ሲያለቅሱ አብራ ታለቅሳለች፤ እንባው አልመጣ ሲላት የሞተችውን እናቷን ታስባለች። እማ ዙቤይዳ አጠገብ መቀመጥ ግን አቃታት። አሮጊቷ ድምፃቸው ተዘግቶ ጉልበታቸውን እየመቱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ። በየመሃሉ «ይኼን ሁሉ መንገድ፣ በረሃውን ሁሉ አልፎ፣ ሊታጠብ?» ይላሉ። ለጢፋ ከእሳቸው ርቃ፣ ከመጋረጃው ሥር፣ ግድግዳ ተደግፋ ነበር የተቀመጠችው።

እዚያ ሆና የምታየው ያንን አሸዋ ነው።

በተጋቡ በዓመቱ ይዟት ሄዶ ነበር፤ ሰባት ዓመት ይሆነዋል። ወልደሰማያት መሪውን ይዞ፣ እሷ በሁለቱ መሃል ተቀምጣ፣ አዋሽን፣ ሚሌን፣ ያንን ሁሉ ቃጠሎ አለፉ። አሰብ ሲደርሱ ጭነቱ ወረፋ ያዘና ጀማለዲን ከከተማው ወጣ ወዳለ ዳርቻ ወሰዳት። መጀመሪያ ያየችው ድንጋይ ብቻ ነበር። ጥቁር፣ ስለታም፣ ከእሳት የወጣ የሚመስል ድንጋይ። ጫማዋ ተቀደደ። «ይኼን ልታሳየኝ ነው?» ብላ ተነጫነጨች። እሱ እጇን ይዞ አንዱን ድንጋይ አሻገራት። ከታች፣ በሁለት ጥቁር ገደሎች መሃል፣ የሰው እግር ያልነካው የሚመስል ነጭ አሸዋ እንደ ማጭድ ተቆልምሞ ተኝቷል። ከአሸዋው ወዲያ ውሃው መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ሰማይ ይሁን ውሃ የማይለይ ይሆናል። ከቡና ጥላ ሥር ላደገች ልጅ እንዲህ ዛፍ የሌለበት ስፋት ደረት ይከፍታል፣ ያስፈራልም።

ጀማለዲን ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ገባ። ከዚያ አላለፈም። ማዕበሉ ሲመጣ እንደ ዶሮ ዘሎ ይመለሳል። ሳቀችበት። ውሃውን በእጁ ዘግኖ ቀምሶ ተፋው።

«ይኼ ሁሉ ውሃ አንድ ሲኒ ቡና እንኳ አያፈላም» አላት።

በኋላ አሸዋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ማዶ አመለከታት። «እዚያ ሞካ የሚባል አገር አለ። የእኛ ቡና ድሮ ተሻግሮ፣ የእነሱን ስም ይዞ ነው ዓለም የሚዞረው።» ያን ጊዜ ዝም ብላ ነበር የሰማችው። አሁን ግን ማዶው ላይ አንድ ሰው አስቀመጠችበት። ሱሪው እስከ ጉልበቱ የረጠበ፣ በሰው አገር ቋንቋ የጠፋው፣ ግን የሚተነፍስ ሰው። አንድ ቀን ይልክባት ይሆናል። ዒዳዋ ሲያልቅ። ወይም ከዓመት በኋላ። መጠበቅ አያቅታትም።

•

ሦስተኛው ቀን ዳሱ የሚነሳበት ነው። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ለሶላት ሊታጠቡ ሲወጡ፣ ለጢፋ ብቻዋን በቀረችበት ሰዓት፣ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሰው ሲቀመጥ ሰማች። የናፍጣ ሽታ መጣ።

«ለጢፋ።»

«አቤት ጋሽ ወልዴ።»

«ማን አለ ከአጠገብሽ?»

«ማንም የለ። እማም ዉዱእ ልታደርግ ወጥታለች።» ወደ መጋረጃው ተጠጋች። ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ደስታ መደበቅ አልቻለችም። «አይጨነቁ፣ ጅብሪል ነግሮኛል። ሁሉንም አውቃለሁ። ሲሳፈር ምን አለ? ስሜን አላነሳም?»

ዳስ ውስጥ አንድ ሰው አሳለ።

«ጋሽ ወልዴ?»

«አልተሻገረም» አለ ወልደሰማያት።

ለጢፋ መጋረጃውን በጣቷ ያዘች።

«ሊነጋ ሲል ነው የተሳፈሩት። አምስት ሰዎች ነበሩ። እኔ ድንጋዩ ላይ ሆኜ አየሁ። ማዕበል ነበር፤ ባለጀልባው ግን ሳይነጋ መውጣት አለብን አለ። ሃምሳ እርምጃ ቢሄዱ ነው። ውሃው አንስቶ ከገደሉ ጋር አላተማቸው። ዋና የሚችሉት ወጥተው ሮጡ። እሱን አሸዋው ላይ አገኘሁት፤ ፀሐይ ስትወጣ።»

«ለጅብሪል ተሻገረ ብለውታል።»

«አላልኩም። እዚህ በር ላይ፣ ሰው ፊት፣ የተማከርነውን አወራሁ። ከዚያ ጅብሪል ጓዳ አስገብቶ አቀፈኝ። ‹ተሻገረ፣ አይደል?› አለኝ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ራሴን ነቀነቅኩ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልነግረው ብዬ ነው ሦስቱን ቀን እዚህ የተቀመጥኩት። ባየኝ ቁጥር በዓይኑ ይጠቅሰኛል።»

ለጢፋ መጋረጃውን ለቀቀችው።

«የት አደረጉት?»

«እዚያው። ውሃው ከማይደርስበት፣ ከድንጋዩ ሥር። የመኪናው አካፋ ነበረኝ። ለማንም መናገር አልቻልኩም፤ ብናገር ለምን ጀልባ ላይ ወጣ ይሉኛል።»

«ማን ሰገደበት?»

«ማን ነበረና። እኔ የማውቀውን ጸሎት አደረስኩ።»

«ወዴት አዞሩት?»

«እ?»

«ፊቱን ወዴት አደረጉት?»

መልሱ ስለዘገየ ሳይናገር አወቀችው።

«እኛ እንደምናደርገው ነው ያደረግኩት» አለ። «በጀርባው። ራሱን ወደ ምዕራብ፣ እግሩን ወደ ምሥራቅ። ፊቱ ወደ ባሕሩ ነው። ጅማ ሃያ ዓመት ስኖር የእናንተን ሰው ስንት ጊዜ ሸኝቻለሁ፤ በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱን ወደምትሰግዱበት ወደ ቂብላ። አውቀዋለሁ እኮ። በዚያች ሰዓት ግን እጄ አባቴን እንደቀበርኩት ቀበረ። ሚሌ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። መኪናውን አቆምኩ። ብመለስ የዳርቻው ጥበቃዎች ይይዙኝ ነበር።»

«ነገ ጭነት አለዎት።»

«ዛሬ ነው የምነሳው።»

«ይዘውኝ ይሂዱ። ጆንያው ላይ እተኛለሁ።»

«ሰኮሩ ኬላ ያወርዱሻል። ከዚያ ጅብሪልን ይመጡበታል።»

«እንግዲያው እርስዎ ያዙሩት። አካፋ አለዎት አይደል?»

«እሺ» አለ ወልደሰማያት። ቆይቶ ደግሞ «ስምንት ቀኑ ነው፣ ለጢፋ። እዚያ ሙቀት ላይ ደግሞ ስደርስ...» ብሎ አልጨረሰውም።

ለጢፋ ግንባሯን መጋረጃው ላይ አሳረፈች። ጨርቁ ሞቃት ነበር።

«ይተዉት» አለች። «እንዳይነኩት።»

በዚያው ቅጽበት ግቢው ጸጥ አለ። «ጓድ ዋቅጅራ ናቸው፣ ቦታ ልቀቁላቸው» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሴቶቹ እየተጣደፉ ገቡ፤ እማ ዙቤይዳም ክንዳቸው እንደረጠበ ተመልሰው ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ በር ላይ ቆመ። አዘንኩ አለ። ከዚያ ረጋ ብሎ ጅብሪልን ጠየቀው፤

«ሬሳው አልተገኘም አሉኝ። ሬሳ ሳይገኝ እንዴት ዳስ ጣላችሁ? ምናልባት በሕይወት ካለስ?»

ለጢፋ ሰማችው። «በሕይወት ካለስ» የሚለው ቃል ውስጧ ገብቶ የሚያርፍበት አጣ። ከጉሮሮዋ የወጣውን ድምፅ ሴቶቹ ከማንም ሰምተው አያውቁም። ለቅሶም አይመስል፤ እንስሳ ሲታረድ የሚያወጣው ዓይነት፣ አጭርና ደረቅ። ደግማ አወጣችው። ባህሪያ ልትይዛት ብትሞክር መሬቱን በጥፍሯ ቧጠጠች። እማ ዙቤይዳ መወዛወዛቸውን ትተው አዩዋት።

ዋቅጅራ ኮፍያውን አወለቀ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ጥቂት ቆሞ፣ ጅብሪልን በትከሻው መታ መታ አድርጎ ወጣ።

ጅብሪል ሸኝቶት ሲመለስ ፊቱ ላብ በላብ ነበር። ለጢፋ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«አበጀሽ» አላት በሹክሹክታ። «አመነ። ልክ እንደዚያ ነው። አላህ ይክፈልሽ፣ ሁላችንንም አዳንሽ።»

አየችው። ጥርሱን እንዳያሳይ ከንፈሩን ነክሷል። ወንድሙ ማዶ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ ይታየዋል። ለጢፋ አፏን ከፈተች። ምላሷ ላይ የነበረውን ቃል አንድ ጊዜ ዋጠችው፣ ሁለተኛ ዋጠችው። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

•

ጅብሪል ዳሱን ለማፍረስ ወጣ። እንግዶቹ መሰናበት ሲጀምሩ ለጢፋ ተነሳች። አራት ወር ከአሥር ቀን የምትተኛበት ፍራሽ በግድግዳው ርዝመት ተዘርግቶ ነበር፤ በቀኝ ጎኗ ስትተኛ ፊቷ ወደ ቂብላ እንዲሆን ሴቶቹ ያነጠፉላት ነው። ጫፉን ይዛ ጎተተችው። ትራሱን ወደ ምዕራብ አደረገች፤ እግርጌው ጠዋት ፀሐይ ወደምትወጣበት መስኮት ዞረ።

«ቂብላ እኮ በዚህ ነው፣ ኢንተላ ኮ» አሉ እማ ዙቤይዳ።

«አውቃለሁ እማ።»

ፍራሹ ከባድ ነው፣ የጥጥ ነው። አጋማሽ ላይ ቆመባት። አሮጊቷ ምራታቸውን፣ ቀጥሎም የተገተረውን እጇን ብዙ አዩ። መሬቱን ተመርኩዘው ተነሱና ሌላኛውን ጫፍ ያዙላት።

ደጅ ሾፌሮቹ ሸራውን በአራት ማዕዘን ይዘው ያጥፋሉ፤ አንዱ በዚያ በኩል ሳቡ ይላል፣ ሌላው የጎደለ ገመድ ይፈልጋል። ወልደሰማያት በመሃላቸው አልፎ ወጣ፤ የፊያቱን በር ከፍቶ ገባ፤ ተሳቢው የገበያውን ጥግ እስኪዞር ድረስ ቀና ብሎ ያየው አልነበረም።