ዝናብ ያላራሰው አፈር

ከእኔ ማሳ በላይ የሚያርሰው ወዳጆ፣ እሳት ሲበዛ ገብስ ይበዛል ባይ ነው። በበጋ አፈሩን ለማዳበር ከኩበት ጋር ከምሮ ሲያቃጥል አባቱ «ኧረ በልኩ አድርገው» ቢሉት፣ «እርስዎ አርጅተዋል» አላቸው። አፈሩ እንደ ሸክላ እስኪቀላ አነደደና ዘራበት።

ክረምት ሲገባ የዝናቡ ጠብታ አልሰርግ ብሎ በአፈሩ ላይ እንደ ዶቃ ተንከባለለ። በላዩ ሌላ ጠብታ ሲወድቅ፣ ያልራሰው አፈር ከነዘሩ እየተፈናጠረ ቁልቁል ወደ እኔ ማሳ ወረደ። ጀግናው ጋቢውን ተከናንቦ «ዝናቡ ነው የማይረባው!» ይላል። ዝናቡ!

መስከረም ላይ ድንበሬ ላይ የበቀለውን ገብስ አይቶ፣ «ዘሩ የእኔ ነው» ብሎ ሽማግሌ ይዞብኝ መጣ።

«ውሰድ» አልኩት። «አፈርህም ከሥሩ አለልህ፤ በጋቢህ ተሸክመህ ዳገቱን ውጣ።»