የማን ሆድ ነው የጮኸው?

የልብስ ሰፊዋ አሮጌ ፍሪጅ ዕድሜ ልኩን እንደ ወፍጮ ሲያጓራ ኖሮ አንድ ቀን ዝም አለ። አዲስ ተገዛ። ኩሽናው ጠባብ ስለሆነ ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው ጀርባ አቆሙት። ሻጩ «ድምፅ የሚባል ነገር አያውቅም» ብሎ ምሎላታልና ሴትዮዋ መኖሩንም ረሳችው።

እሁድ ለምሳ ልጇ እጮኛዋን ልታስተዋውቅ ይዛ መጣች። ነርስ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይናፋር። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ። የልብስ ሰፊዋ ባል፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ከእግር እስከ ራሱ ይመረምረው ጀመር። 

ጉርርር... ቡልቅ... ጉርርር።

ልብስ ሰፊዋ የእንግዳው ሆድ የጮኸ መሰላት። «ወይኔ ልጄን! ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ ነው የመጣው» አለች በልቧ። ሮጣ ሩዙን በሳህን ቆልላ አቀረበችለት። ልጁ እምቢ ማለት አፍሮ ሙልጭ አድርጎ በላ። ሳህኑን ከማስቀመጡ፣ ጉርርርር!

«በሞቴ፣ ድገም!»

«ኧረ እማማ፣ ጠግቤያለሁ።»

«እንዲያው ምን ያሳፍርሃል? ቤትህ አይደል!»

ሁለተኛውን እያላበው ጨረሰ። ሦስተኛውን ስትከምርለት ባሏ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ሴትዮ፣ ይሄ ሰው ያጨው ልጃችንን ሳይሆን ጓዳችንን ነው» አላት።

ጉርርር... ቡልቅ።

ነርሱ ማንኪያውን አስቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሽተኛ እንደሚያናግር፣ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ሆድዎ እንዲህ ከጮኸ ቆየ?» አለ።

«የኔ ሆድ?» ሾፌሩ ብድግ አለ። «የራስህን ጉድ በኔ ታላክካለህ!»

ጧ!

«ይኸው፣ ሶፋዬንም ሰበረው!»

ልጁ ተስፈንጥሮ ተነሳና ይቅርታ እየለመነ በረንዳ ወጣ። ሶፋው ባዶ ቀረ። ከባዶው ሶፋ በኩል፣ ጉርርር... ቡልቅ።

ሦስቱም ተያዩ። ልብስ ሰፊዋ ዞራ ጆሮዋን ፍሪጁ ላይ ለጠፈች። «በስመ አብ! እሱ ነው!»

ወዲያው ለሻጩ ደወለች። «አንተ፣ ድምፅ የለውም አላልከኝም? አንዴ ጉርርር፣ አንዴ ጧ ይላል!»

«እማማ፣ ይሄማ ጤናው ነው» አለ ሻጩ። «ጉርርር የሚለው በቱቦው ውስጥ የሚዞረው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። ጧ የሚለው ደግሞ ፕላስቲኩ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ሞተሩም ሲነሳና ሲያርፍ ጠቅ ይላል። ሳያቋርጥ ከተንቀጫቀጨ ብቻ ግድግዳ ነክቶ ወይም እግሩ ተንጋዶ እንደሆነ ይዩት።»

ልጅቷ እጮኛዋን ከበረንዳ ጎትታ አስገባችው። መቀመጥ አልቻለም፤ ሶፋው ላይ በጀርባው ተዘረረ። ሾፌሩ ሐፍረቱን የሚደብቅበት ቢያጣ ትራስ አመጣለት።

«ቆይ፣ ሳትራብ ያን ሁሉ ለምን በላህ?» አለው።

«እማማ ደስ እንዲላቸው ብዬ ነዋ» አለ እያቃሰተ።

ልብስ ሰፊዋ በሳቅ ፈረሰች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ እንባ ዞረ። «በቃ፣ የኛው ልጅ ነው» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «እንግዲህ እራትም እዚሁ ነው» አለ።

ልጁ ትራሱን ፊቱ ላይ ደፋ።