ጳጉሜን የማያውቀው ሰርቨር

አይሱዙው የትምህርት ቤቱን ግቢ ጭቃ እያቦካ ገብቶ ከኮምፒውተር ክፍሉ ደጃፍ ሲቆም፣ የኮምፒውተር መምህሩ አለበል ገና ቁልፉን ከበሩ አልነቀለም ነበር። ሾፌሩ ባዘዘው ከነካፖርቱ ዱብ አለና ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣

"የታል የሚጫነው?" አለ።

"ሰላምታ የለም እንዴ፣ ጋሼ ባዘዘው?"

"ሰላምታውን ከጫንን በኋላ። መንገዱ ሳይብስብኝ ማርቆስ ልግባበት።"

የሚጫነው ሰርቨሩ ነበር። ከክፍሉ ጥግ፣ በብረት መደርደሪያው ላይ፣ እንደ ረጅም ጠፍጣፋ ሣጥን ተጋድሞ ይታያል። ወደ አምበር ከተማ የመጣው ሌላ ቦታ አገልግሎ ከተጣለ በኋላ ነው፤ ቢሆንም ለዚህ ትምህርት ቤት ከመምህር በላይ ነበር። የፊዚክስ አስተማሪው ተዛውሮ ከሄደ ወዲህ ምትክ አልመጣም። ልጆቹ ፊዚክስ የሚማሩት አለበል አንድ በአንድ ለቃቅሞ፣ በየምዕራፉ ደልድሎ ሰርቨሩ ውስጥ ካስቀመጣቸው ትምህርቶች ነበር። ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ደፍተው በየኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣሉ፤ ያልገባቸውን ወደ ኋላ መልሰው ይሰማሉ። አለበል ከኋላቸው ቆሞ ጸጥታቸውን ሲያይ ደስ ይለው ነበር።

ሐምሌ ላይ መብራት ሄደ መጣ ሲል ከረመና ሰርቨሩ አልነሣ አለ። ከማርቆስ አንድ ሰው መጥቶ ስክሪኑን አየት አደረገና፣ "ይሄ አብቅቶለታል" ብሎ ሄደ። ቀጥሎ ከዞን ቃል መጣ፤ ሰኞ መኪና ይላካል፣ ዕቃው የሚሠራ ከሆነ ይቆይ፣ የማይሠራ ከሆነ ተጭኖ መጋዘን ይግባ። አለበል መጋዘኑን ያውቀዋል። የገባ እንጂ የወጣ ዕቃ አይቶበት አያውቅም። ሰርቨሩ ከሄደ ትምህርቶቹም አብረው ይሄዳሉ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችም መስከረም ላይ ያለ ፊዚክስ ይጀምራሉ ማለት ነው።

ተስፋው ሳጂዳ ነበረች። አምበር ገበያ ላይ ጨው የሚነግደው የአብዱልዋሂድ ልጅ ናት፤ እዚሁ ትምህርት ቤት ከአለበል ሁለት ክፍል ዝቅ ብላ ተምራ፣ ዛሬ ማርቆስ የሰርቨር ባለሙያ ሆና ትሠራለች። ቅዳሜ ደውሎላት ነበር። በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥታ፣ ሂጃቧ ከላይ ረጥቦ፣ ቦርሳዋን ከጉያዋ ሸጉጣ ስትገባ ባዘዘው ገመዱን እየፈታ ነበር።

"አንቺ የአብዱልዋሂድ ልጅ አይደለሽም እንዴ?" አላት። "ለአባትሽ ስንት ጨው አመላልሻለሁ መሰለሽ። እሱ እንኳ እንዲህ አያስጠብቀኝም።"

"ጨው በዝናብ ስለሚሟሟበት ይሆናላ፣ ጋሼ። እስኪ ትንሽ ይታገሱኝ።"

"እኔ ታገሥኩ፤ መንገዱ ነው የማይታገሠው።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።"

ባዘዘው በረጅሙ ተነፈሰና ደጃፉ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ውጭ ዝናቡ ወረደ። የጳጉሜን ሩፋኤል ነበርና የሰፈሩ ልጆች ጸበሉ እንዳያመልጣቸው ልብሳቸውን ጥለው ወጥተው፣ ጩኸታቸው ከቆርቆሮው ጩኸት ጋር ተደባለቀ።

ሳጂዳ ኪቦርድና ስክሪን ሰክታ ማብሪያውን ነካችው። የሰርቨሩ ማራገቢያዎች በአንድ ጊዜ ጮኹ።

"ይሄማ ወፍጮ ነው" አለ ባዘዘው። "እህል አምጡለት።"

ነጫጭ ፊደላት በጥቁሩ ስክሪን ላይ እየተከታተሉ ወረዱና፣ በመጨረሻ የሚነሣበት ዲስክ አላገኘሁም የሚለው መስመር መጣ። ያ የማርቆሱ ሰው አይቶት የሄደው ይህንኑ ነበር። ሳጂዳ ምንም አልነካችም። አጥፍታ እንደገና አበራችውና ፊደላቱ ከላይ እስከ ታች ሲወርዱ አየች። ቀጥሎ ማሽኑ ከሁሉ በፊት የሚነቃበት፣ ባዮስ ወደሚባለው ገባች። እዚያ ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር ሁሉ በየገጹ ተዘርዝሯል፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ምን ምን እንደተገጠመለት፣ ሲነሣ መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ። እሷ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች፤ ገጹን ስትጨርስ በስልኳ ፎቶ ታነሣዋለች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

አለበል ዓይኑን ከጣቷ መንቀል አቃተው። ልጅ ሆኖ ዲማ አጎቱ ዘንድ በነበረ ጊዜ የኔታ በስንደዶ ፊደል ሲያስቆጥሩት ትዝ አለው። አንድ ፊደል ከዘለለ ከመጀመሪያው ያስጀምሩት ነበር፤ ንባቡን ሳያደላድል ወደ ትርጓሜ የሚሮጥ ተማሪ አይወዱም። ያኔ ነገሩ ቅጣት ይመስለው ነበር። አሁን በሳጂዳ ጣት ላይ ሲያየው እንዴት ያለ ውበት እንዳለው ገባው።

"ዲስኩ ደኅና ነው" አለች ስትጨርስ። "ይኸው፣ ስሙ አለ። ማሽኑ ግን ወደ እሱ አይሄድም። መጀመሪያ በኔትወርኩ ገመድ የሚያስነሣውን ይጠብቃል። እሱን ሲያጣ ዲስኩን በአሮጌው ዓይነት አነሣስ ይሞክራል፤ ዲስኩ ደግሞ የተዘጋጀው ለአዲሱ ነው። ቤቱ እያለ በሩን ስቶታል።"

"ማን ቀየረበት?"

"ያን ነው ያላወቅሁት። ሰው አይመስለኝም።"

"ስትነካኪው ትምህርቶቹ እንዳይጠፉ ብቻ።"

"የሚያጠፋ ነገር እዚህ ገጽ ላይ የለም። ቢኖርም ሳላነበው አልነካውም።"

አነሣሱን ወደ አዲሱ መለሰችው፤ ከሚነሣባቸው ዝርዝር ውስጥ ዲስኩን ወደ ላይ አወጣችው፤ ያደረገችውን አንዴ ደግማ አየችና አስቀመጠችው። ማሽኑ ጠፍቶ በራ። ማራገቢያዎቹ ጮኸው ረገብ አሉ፤ ስክሪኑ ጨለመ፤ ከዚያ ከሐምሌ ወዲህ ያልታየው የትምህርት ቤቱ ስም ብቅ አለ። አለበል ወዲያው ሮጦ የተማሪዎቹን አንድ ኮምፒውተር ከፈተና የትምህርቱን ገጽ ጠራ።

ገጹ አልከፈትም አለ። መግቢያው አይታመንም የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ወጣ። ሌላ ኮምፒውተር ሞከረ፤ ያው ነው።

ባዘዘው ተነሣ። "እንግዲህ ሳይነሣም እምቢ፣ ተነሥቶም እምቢ ካለ የእኔ ነው" አለና ገመዱን አነሣ። ቃሉ ክፋት አልነበረበትም፤ ለዚህም ይሆናል አለበልን የባሰ ያሳዘነው።

ሳጂዳ የኔትወርኩን ገመዶች አየች፤ አንዱን ነቅላ ሰካች፤ ሰርቨሩ ውስጥ ገብታ ትምህርቶቹ በየቦታቸው መኖራቸውን አየች። ሁሉም አለ። ከዚያ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታስብ ጀመር። አለበል መጠበቁ ጨንቆት እንዲያው ማውራት ጀመረ።

"ልፋቴ ነው የሚቆጨኝ። ከሐምሌ ወዲህ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ይጠፋበታል። እኔ ደግሞ እዚያ የመጀመሪያው ገጽ ላይ እየገባሁ አስተካክልለታለሁ። ጳጉሜን ሲገባማ ጭራሽ አሻፈረኝ አለኝ። ወሩን አሥራ ሦስት ብለው፣ ብለው አይቀበልም። በመጨረሻ አሥራ ሁለት ብዬ ተውኩት።"

ሳጂዳ መሣቅ ጀመረች፤ ሣቋ ግን መሐል ላይ ቆመ።

"ምን ብለህ ነው የምታስተካክለው?"

"እንደ ግድግዳው ነዋ" አለ አለበል፣ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ በአገጩ እያሳየ። "ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት።"

"ሰዓቱንም?"

"ሰዓቱንም እንደኛው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሆነ ሦስት እላለሁ።"

ስልኳን አወጣችና የመጀመሪያውን ፎቶ ከፈተች። ቀኑ ከላይ፣ በጉልህ፣ ከነዓመቱ ተጽፏል።

"አንብቤዋለሁ እኮ" አለች ቀስ ብላ። "እዚህ ላይ ጣቴን አድርጌ አንብቤዋለሁ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ያየሁት ዓመት ስለሆነ ትክክል መስሎኝ አለፍኩት።"

"ታዲያ ዘንድሮ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት አይደለም?" አለ ባዘዘው።

"ለእኛ ነው፣ ጋሼ። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው። በእነሱ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት ገብቷል። ስለዚህ ይሄ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው የተቀመጠው። የተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ ቀን የሚጠይቁት እሱን ነው። የትምህርቱ ገጽ የመግቢያ ፈቃድ አለው፤ የተሰጠበት ቀን ተጽፎበታል። ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ይዞ ቢመጣ ያስገቡታል?"

"ኬላ ላይ ቢሆን እኔም አላስገባውም" አለ ባዘዘው። ትንሽ አሰበና፣ "ግን እኛ ነን የዘገየን ወይስ እነሱ ናቸው የቸኮሉት?" አለ።

"እሱን የዲማ ሊቃውንት ይጠየቁ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው።" ወደ አለበል ዞረች። "መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ይጠፋበታል ነው ያልከኝ? ይሄን በስልክ ብትነግረኝ ኖሮ።"

"ሰርቨር ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበራ።"

ማሽኑን አጠፋች፤ የመብራት ገመዱን ነቀለች፤ ከመደርደሪያው ስባ ክዳኑን ወደ ኋላ ገፋ ስታደርገው ሆዱ ተከፈተ። አለበል ይህን ሁሉ ዘመን ሲጠብቀው ውስጡን አይቶት አያውቅም። ቀጫጭን ሰሌዳዎች እንደ መጻሕፍት ቀጥ ብለው ተደርድረዋል፤ ማራገቢያዎቹ በአንድ ረድፍ እንደ ዘብ ቆመዋል፤ አንዲት ሽቦ እንኳ ያለ ቦታዋ አልተጋደመችም። ይህን ያሰናዳ ሰው ማንም እንደማያየው እያወቀ እንዲህ መጠንቀቁ ገረመው። ሳጂዳ ከሰሌዳው ጥግ ሳንቲም የምታህል ባትሪ በጥፍሯ ፈልቅቃ አወጣች።

"ሰው አይመስለኝም ያልኩህ ቀያሪ ይቺ ናት። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ማንነቱን የሚያስታውሰው በዚህች ነው። ደርቃለች። መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉንም ይረሳና እንደ አዲስ ይነሣል፤ ቀኑንም፣ በሩንም። አሁን ብናስተካክለው ማታ መብራት ሲሄድ ያው ነው።" ቦርሳዋን በረበረች። "መያዝ ነበረብኝ። አባባ ሱቅ ደግሞ ያለው የሬዲዮ ባትሪ ብቻ ነው።"

ባዘዘው ጎንበስ ብሎ መዳፏ ላይ ያለችውን አየ። "ይቺን የመሰለች እኮ የመኪናዬ ሪሞት ውስጥ አለች" አለ።

ሁለቱም ቀና ብለው አዩት።

"ተናገርኩ እንዴ?"

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ጋሼ" አለ አለበል።

"ልጭነው የመጣሁትን ዕቃ ከገዛ መኪናዬ ባትሪ አውጥቼ ላስነሣው? መኪናውንስ በምን እቆልፋለሁ?"

"በቁልፉ" አለች ሳጂዳ። "ሪሞት ሳይመጣ በምን ነበር የሚቆልፉት?"

ባዘዘው አጉረመረመ፤ ግን ሪሞቱን ራሱ ነው በጥፍሩ የከፈተው። ሳጂዳ በባትሪዎቹ ጀርባ ያለውን ቁጥር አስተያየች፤ አንድ ነው። "ሰኔ ላይ የቀየርኳት ናት፣ ጠንካራ ናት" አለ ባዘዘው፣ ልጁን እንደሚድር አባት ፊቱን ቋጥሮ።

ከዚያ በኋላ ሳጂዳ ባትሪዋን ገጥማ፣ ማሽኑን አብርታ ሁሉንም ከሥር ጀመረች። ቀኑን በፈረንጆቹ አስገባች፤ ሰዓቱን አስገባች፤ አነሣሱን፣ የዲስኩን ተራ አስተካከለች። አለበል አለቀ ሲል እሷ ማንም ያልጠየቃትን አንድ መስመር ፈልጋ አገኘች። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ ምን ያድርግ ይላል። ሰው እስኪያበራው ተኝቶ ይጠብቅ ተብሎ ነበር፤ ራሱ ይነሣ ብላ ቀየረችው።

"መብራት በመጣ ቁጥር አንተ ከቤትህ መሮጥ የለብህም" አለችው።

አለበል እውቀት ማለት የተጠየቁትን መመለስ ይመስለው ነበር፤ ነገ የሚደክመውን ሰው አስቀድሞ ማሰብም እንደሆነ ያየው ዛሬ ነው።

ሰርቨሩ ተነሣ። የተማሪዎቹ ኮምፒውተር ላይ የፊዚክሱ ገጽ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ተከፈተ። ባዘዘው ማዳመጫውን ከአለበል እጅ ተቀብሎ ጆሮው ላይ ደፋና ስለ ዳገትና ስለ ፍሬን የሚናገረውን ትምህርት ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ሆኖ ይሰማ ጀመር።

"አሁን ንቀለው" አለች ሳጂዳ።

"ምኑን?"

"መሰኪያውን። መብራት እንደሄደ አድርገው።"

አለበል ገመዱን ያዘ፤ ግን አልነቀለውም። እየሠራ ነው፣ ለምን አይተውትም? ቢረሳስ? አይሱዙው ደጅ ነው፤ የመጫኛው ገመድም አግዳሚው ላይ ነው።

"ማታ ብቻህን ሆነህ ከምታየው አሁን አብረን እንየው" አለችው ሳጂዳ በለሆሳስ፣ ልቡን እንዳነበበች ሁሉ።

ነቀለው። ጩኸቱ ወረደ፣ ወረደና ጠፋ። ክፍሉን የዝናቡና የልጆቹ ድምፅ ሞላው። ሳጂዳ ቶሎ እንዲሰካው አልፈቀደችለትም፤ በደንብ ይርሳ፣ የሚረሳ ከሆነ፣ አለች። ባዘዘው እንኳ ማዳመጫውን አውልቆ ይጠብቅ ነበር።

"እሺ፣ ስካው። ማብሪያውን ማንም እንዳይነካ።"

አለበል ሰካውና ሦስቱም ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች፤ ማራገቢያዎቹ ሳይነኳቸው ጮኹ፤ ፊደላቱ ወረዱ፤ የትምህርት ቤቱ ስም ብቅ አለ። ቀኑ ትክክል ነበር። አለበል ገጹን ጠራው፤ ተከፈተ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጠራው፤ ተከፈተ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

የባዘዘው ስልክ ጠራ። "አቤት አለቃ" አለ። "የለም፣ አልጫንኩትም። እየሠራ ነዋ። በዓይኔ ነው ያየሁት፤ ነቅለንም ሞክረነዋል። የሚሠራ ከሆነ ይቆይ አላላችሁም? እንካችሁ፣ መምህሩን አናግሩት።"

አለበል ስልኩን ተቀብሎ፣ "ሥራ ላይ ነው" አለ። "መስከረም ላይ ልጆቹ ይማሩበታል። መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።" ወዲያ ያለው ሰው ትንሽ አጉረመረመ፤ ቀጥሎም እንግዲያው እንዳለ ይሁን አለ።

ሳጂዳ ኪቦርዷን ልትነቅል ስትል አለበል እጁን ዘረጋ።

"ቆይ። ከመጀመሪያው ገጽ አንብቢልኝ። እያንዳንዷን መስመር።"

"ሁሉንም? ሚኒባሱ ያመልጠኛል፣ አለበል።"

"መኪናው ባዶ ነው የሚመለሰው" አለ ባዘዘው፣ ማዳመጫውን መልሶ እየደፋ። "እኔ አደርሳታለሁ፤ አንብቡ።"

ሳጂዳ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ለአለበል ቦታ ለቀቀችለት። እሱም ተቀመጠ፤ ጣቱን በመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈና ቀስ እያለ ማንበብ ጀመረ።