ከመብራቱ ጀርባ የወጣ ምስር

ባሌ ቀለመ ወርቅ ብር ከእጁ ሲወጣ ነፍሱ አብራ የምትወጣ የሚመስለው ሰው ነው። በሬዎቻችንን ሸጠን ከወገዳ እህል የሚያመላልስ መኪና እንግዛ ስንል፣ ደህና ደህናውን ትቶ ፊቱ የተጨፈለቀ አሮጌ ፒክአፕ ከደብረ ታቦር በአይሱዙ አስጎትቶ መጣ። በሬ ገጭቶ ነው አለኝ። ውሉስ? ሊብሬውስ? ስለው «ደላላው ይልክልኛል» አለ። የደላላው ስልክ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝግ ነው። ነገሩ ያኔውኑ ሸተተኝ። ግን ያ መኪና ያለን ሀብት ሁሉ ስለሆነ አፌን ያዝኩ።

ንፋስ መውጫ ጋራዥ አልጠፋም። እሱ ግን «ለላሜራ ቀጥቃጭ ብር ከምገፈግፍ ራሴ እሠራዋለሁ» ብሎ ግቢያችን ውስጥ አቆመው። ውርጭ እንዳይመታው ብሎ ሸራ አለበሰው። ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ቪዲዮ እያየ ኮፈኑን በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ይውላል፤ አልቃና ያለውን ጎድጓዳ በስቱኮ ይሞላና በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። እውነት ለመናገር እጁ ይሠራል።

ጎረቤት ግን የሚያየው ሌላ ነበር። ኅዳር ላይ የእትዬ ይታይሽ ልጅ አዳነ ከአርብ ገበያ ሲመለስ፣ ጉም በዋጠው መንገድ ላይ መኪና እሱንም አህያውንም ገጭቶ ገድሎ አምልጧል። አህያው የጫነው ምስር መንገዱን ሞልቶት ነበር። ከሩቅ ያየ ሰው መኪናው ነጭ ነው አለ። ፖሊስ ፈልጎ ፈልጎ አጣ። የእኛም ነጭ ነው። የመጣው ታኅሣሥ ላይ ነው ብንል «ኅዳር ላይ ገዝቶ ሲነዳው ገጭቶ፣ እስከዚያ ደብረ ታቦር እህቱ ግቢ ደብቆት ይሆናላ» ይባል ጀመር። ጋራዥ እያለ ለምን ቤቱ ይሠራዋል? ምን ሊደብቅ ሸራ አለበሰው? በማኅበራችን ቀን ጽዋውን ሳቀብላት ካሣነሽ፣ ያቺ የልጄ የክርስትና እናት፣ ከእጄ አልቀበልም ብላ ፊቷን አዞረች። ባሌ ቋጣሪ ነው እንጂ ነፍሰ ገዳይ አይደለም ብዬ እዚያው ሰው ፊት ልክ ልኳን ነገርኳት።

ጥር ላይ ነው። ቀኝ በኩሉን ጨርሶ የግራውን የፊት መብራት ሲነቅል፣ እኔ ውሃ ይዤለት ቆሜያለሁ። ከመብራቱ ጀርባ ከደረቀ ጭቃ ጋር ምስር ዝርግፍ አለ። ግማሹ በቅሎ ደርቋል። እኛ ዘንድሮ ምስር አልዘራንም፣ አልገዛንም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አይጥ ያጠራቀመው ይሆናል» አለ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«አይጥ ምስር በጭቃ ያቦካል?»

«ውባለም፣ እስቲ ተይኝ።»

መጥረጊያ አምጥቶ አንዲት ፍሬ ሳያስቀር ጠርጎ ምድጃ ውስጥ ጨመረው። ከዚያ መዶሻውን አነሳ። ሌላ ጊዜ ለአንድ ጎድጓዳ ሳምንት የሚፈጅ ሰው የግራውን በዚያው ቀን አቃናው።

ራት ላይ አላስቻለኝም። «አዳነ የሞተ ቀን የት ነበርክ?» አልኩት።

«ደብረ ታቦር፣ እህቴ ጋ። ታውቂ የለም እንዴ?»

አውቃለሁ፤ ግን የነገረኝ እሱው ነው።

«የሸጡልኝ ሰዎች ናቸው የገጩት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብንናገር መኪናው ይያዛል። ሻጩን አላውቀው፣ ውል የለኝ። በሬም የለን፣ መኪናም የለን፣ ምን ልንበላ ነው?»

አመንኩት። ጠዋት ስነሳ ደግሞ አላመንኩትም። እንዲህ እየሆንኩ ሰነበትኩ። አንድ ገበታ ቀርበን ሲቆርስ እጁን አያለሁ፤ ቀና ሲል ዓይኔን እሰብራለሁ።

የአዳነ ወንድሞች ጠመንጃ መወልወል ጀመሩ ሲባል ሽማግሌዎች ደም ሳይፈስ ብለው አውጫጭ ጠሩ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ በተራው እየተነሳ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ይምላል። ቀለመ ወርቅ ተራው ሲደርስ «እኔ አልገጨሁም፤ ገጭቼ ከሆነ ዘሬ አይባረክ» አለ። ድምፁ ንቅንቅ አላለም። እኔ ግን ያየውን ሳይናገር አልገጨሁም ብቻ ብሎ መቀመጡን ልብ አልኩ።

«አንቺስ ውባለም?» አሉኝ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል።

እትዬ ይታይሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። አላየሁም ልል አፌን ከፍቻለሁ። ያ በቅሎ የደረቀ ምስር ዓይኔ ላይ መጣብኝ።

«አይቻለሁ፣ መሪጌታ» አልኩ። «መኪናው እኛ ግቢ ነው ያለው። ምስር ወጥቶበታል።»

ሰው ተግተልትሎ ግቢያችን ገባ። ወንድሞቹን ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ይዘዋቸዋል፤ ፖሊስም ተጠርቷል። ቀለመ ወርቅ ሸራውን ራሱ ገለጠው። እትዬ ይታይሽ ቀረብ ብለው እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ።

«ልጄን የመታው የቱ ጋ ነው?» አሉ።

ቀለመ ወርቅ ተጨፍልቆ የነበረውን ቦታ በጣቱ አሳያቸው። እየደጋገሙ ዳበሱት። ስቱኮው ልስልስ ብሏል፤ የቀረው ቀለም ብቻ ነው።

«ጎበዝ ነህ ልጄ» አሉት። «ምንም አይታወቅም።»

«እትዬ ይታይሽ፣ እኔ አልገጨሁትም። ስገዛውም እንዲህ ሆኖ ነው» አለ። ማን ሸጠልህ ቢሉት ስሙን አያውቀው። ውል ቢሉት የለው። ሊያሳያቸው የሚችለውን ጎድጓዳ ራሱ አቃንቶታል፤ ምስሩንም ራሱ አቃጥሎታል። ወደ እኔ ዞረ።

«ውባለም ታውቃለች» አለ። «እሷን ጠይቋት። ንገሪያቸው እንጂ ውባለም፣ ያን ቀን ደብረ ታቦር እንደነበርኩ።»

መሪጌታም፣ እትዬ ይታይሽም፣ ወንድሞቹም እኔን ማየት ጀመሩ። አዎ ልል ፈልጌ ነበር፤ እመብርሃንን፣ ፈልጌ ነበር። ግን ያን ቀን አብሬው አልነበርኩም። ዓይኔን ሰበርኩ።